«ያነባሉ» ያልኩበት ጠዋት

የካቲት 2 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቢቸና በሚገኘው ቢሮዬ ስልክ አንስቼ ስለ አንድ ሰው ተጠየቅሁ። የመለስኩት አንድ ቃል ነው፤ «ያነባሉ» አልኩ። ሰውየው ማንበብ አይችሉም ነበር። አለመቻላቸውን ደግሞ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

ይህን እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። የንስሐ አባቴ ፊት ቀርቤ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህችን ዘልያታለሁ። ሥራዬ ዜና መጻፍ ነበር። የሰውን ጥፋት ስሙን፣ ቦታውንና ሰዓቱን ሳላዛባ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስጽፍ ኖሬአለሁ። የራሴን ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም። አንባቢ ሆይ፣ የምናዘዘው ለአንተ ነው። የማውቀውን በቅደም ተከተል እነግርሃለሁ፤ የማላውቀውንም አላውቅም እልሃለሁ።

ሰውየው አዝማሪ ድንበሩ ናቸው፤ የሞጣ ሰው፣ ያኔ አምሳ ዓመት የሞላቸው። እኔ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት፣ የአውራጃ ዜና ሰብሳቢ ነበርኩ። ለሥራ ሞጣ በሄድኩ ቁጥር ከሰዓት በኋላዬን የማሳልፈው እሳቸው በሚጫወቱበት በእትዬ ጥሩወርቅ ጠጅ ቤት ነው። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ብዙ ሰምቻለሁ። እሳቸው ደጋኑን አንዴ ሲስቡት ግን ጨዋታ የያዘ ሰው ሁሉ አፉን ይዘጋ ነበር። ይህን ያልኩት ጥፋቴን ለማሳመር አይደለም። የበደልኩት የምወደውን ሰው መሆኑ እንዲታወቅ ነው።

በ1976 ዓ.ም. የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከሞጣ ገበያ የገዛሁትን አዲስ ማሲንቆ ይዤ ጠጅ ቤቱ ገባሁ። መጫወት አልችልም፤ እስከ ዛሬም አልቻልኩም። የፈለግሁት ስማቸውን እንዲጽፉልኝ ብቻ ነበር።

ማሲንቆውን ተቀብለው አገላበጡት፤ ቆዳውን በጣታቸው መቱት።

«ይችን ማነው የሸጠልህ? ፍየሏ ገና ትጮኻለች እኮ!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

«ጋሽ ድንበሩ፣ ቆዳው ላይ ስምዎን ይጻፉልኝ» አልኩ።

«ስሜን ምን ያደርግልሃል? ባለስሙ እዚሁ ተቀምጦልህ!»

«ለማስታወሻ ነው።»

«እንግዲያው የማኅተም ቀለም ፈልግና አውራ ጣቴን ላሳርፍልህ። የድንበሩ ፊርማ እሷ ናት። ቀበሌም ፍርድ ቤትም ያውቃታል።»

እዚህ ላይ እሺ ማለት እችል ነበር። የማሲንቆዬ ቆዳ ላይ የጣታቸው አሻራ ያርፍ ነበር፤ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን እንቢ አልኩ። ጣት የማንም ጣት ነው፣ እኔ የምፈልገው ፊደል ነው አልኩ። ለማን ላሳይ ነበር? ቢቸና ላሉ ጓደኞቼ። አየህ፣ ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት አልነበረኝም።

እትዬ ጥሩወርቅ ከብርሌዎቹ ቀና አሉና «አዬ ድንበሩ! ስንቱን ጌታ በግጥም ስትሸነቁጥ ኖረህ ዛሬ አራት ፊደል ታሸንፍህ?» አሉ።

ነካቸው። «አምጣ እስቲ» አሉኝ።

የሲጋራ ፓኮ ቀድጄ ጀርባው ላይ «ድንበሩ» ብዬ በትልልቁ ጻፍኩላቸው። እስክሪብቶውን እንደ ደጋን ያዙት። የፊደሎቹን ድምፅ ልነግራቸው ስጀምር «ስማቸውን ተወው፤ መልካቸውን ልያዘው» አሉ። «በ» የበር መቃን ናት፤ «ሩ» ጅራቷን የምትጎትት ናት። እንዲህ እያሉ አንድ ሰዓት ያህል ጻፉ፣ ሰረዙ፣ ጻፉ። ግድግዳው ላይ መፈክር ተለጥፎ ነበርና ከውስጡ አንዷን «በ» በጣቴ አሳየኋቸው። ትኩር ብለው አይተው «እሷ ደግሞ የማን ስም ናት?» አሉኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጥያቄያቸውን ያዝልኝ። እኔ ሰምቼዋለሁ። ምን ማለት እንደሆነም ገብቶኛል። በኋላ የሆነው ሁሉ ይህን እያወቅሁ ያደረግሁት ነው።

ማሲንቆው ላይ ሲጽፉ እስክሪብቶውን ከመጫናቸው ብዛት ቆዳው ሊበሳ ነበር። ጨርሰው በክንዳቸው ርዝመት አራቁትና አዩት። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስማቸውን ጻፉ። እኔም ደስ አለኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሞጣ ውስጥ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር። የመሠረተ ትምህርቱ ኮሚቴ ሰዎች ዜናው ውስጥ ሰው የሚያውቀው ምሳሌ እንዲገባ ፈለጉ። እኔም ፈለግሁ፤ ምሳሌ የሌለው ዜና ተቆርጦ ይወድቅ ነበርና። «ዕድሜያቸውን ሙሉ በጣት ሲፈርሙ የኖሩት አዝማሪ ድንበሩ ዛሬ ማንበብና መጻፍ ችለዋል» ብዬ ጻፍኩ። ማንም አላስገደደኝም። አራት ፊደል መሣል ማንበብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጻፍኩት። በራዲዮ ተነበበ። በዜናው ምክንያት ለእሳቸውም ምስክር ወረቀት ተሰጣቸው።

ቀጥሎ ስንገናኝ ወረቀቷን ከኪሳቸው አውጥተው «አንተ ልጅ፣ ማንበብ ቻልክ አሉኝ እኮ! ልመልሳት ወይስ ልያዛት?» አሉኝ።

«ይያዟት፤ ቀስ እያሉ ይማራሉ» አልኳቸው።

በዚያን ጊዜ ቀበሌ ውስጥ የፊርማ አሠራር እንዲህ ነበር። በጣቱ ለሚፈርም ሰው ወረቀቱ ከፊቱ ጮክ ተብሎ ይነበብለታል፤ ሁለት ምስክሮችም «ተነቦለት ሰምቷል» ብለው ይፈርማሉ። ስሙን ለሚጽፍ ሰው ግን አይነበብለትም። ወረቀቱ ይሰጠዋል፣ ይፈርማል፣ ይወጣል። ይህን አሠራር እኔ አውቅ ነበር። በጣት ፈንታ ፊደል ሳስይዛቸው ምን እንደማሳጣቸው አላሰብኩም።

በጥር መጨረሻ የሞጣ አዝማሪዎች አንድ በአንድ እየተጠሩ ቀበሌ ቀረቡ። ሁለቱ በጣት ፈራሚዎች ናቸው፤ ወረቀቱ ተነበበላቸው። ወረቀቱ ሰሜን ላለው ጦር ለመጫወት፣ እስኪሰናበቱ ድረስም እዚያው ለመቆየት በፈቃደኝነት የሚፈረም ውል ነበር። አንዱ የልጆቹን ብዛት፣ ሌላው በሽታውን አስረድቶ ቀረ። ጋሽ ድንበሩ ሲገቡ ጸሐፊው ወረቀቱን ዘርግቶ ሰጣቸው። ለበዓል የሚጫወቱ ሰዎች ምዝገባ መሰላቸው። የበር መቃኗን፣ ጅራቷን የምትጎትተዋን፣ አራቱንም አሳምረው ጻፉ። ምን እንደፈረሙ የሰሙት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ማንበብ አልችልም ቢሉ ማን ይመናቸው? ምስክር ወረቀት አላቸው፤ በራዲዮም ተነግሯል።

ዓርብ ጠዋት ቢቸና መጥተው ቢሮዬ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ማሲንቋቸውን ይዘዋል። ሚስታቸው ወይዘሮ አለሚቱ እግራቸው አያራምዳቸውም፤ ልጅም የላቸውም። ላስደነግጣት አልፈለግሁም ብለው፣ ቢቸና ሠርግ አለ ብለዋቸው ነው የወጡት።

«አንድ ቃል ነው የምፈልገው» አሉኝ። «ድንበሩ ማንበብ አይችልም በልልኝ። ዋሽ አላልኩህም።»

መልስ ሳልሰጣቸው ስልኩ ጮኸ። ከሞጣ የኮሚቴው ሰው ነበር።

«አዝማሪው አንተ ዘንድ መጥቷል አሉ» አለኝ። «ማንበብ አልችልም ይላል። ዜናውን የጻፍከው አንተ ነህ። ያነባል ወይስ አያነብም? ካላነበበ ያ ዜና ምን ነበር?»

ጋሽ ድንበሩ ሦስት እርምጃ ያህል ርቀው ፊት ለፊቴ ናቸው። እያየኋቸው ነው።

«ያነባሉ» አልኩ።

«እንግዲያው እዚያው ይጠብቅ። መኪናው ነገ ጠዋት በቢቸና ያልፋል» አለና ስልኩን ዘጋው።

ለምን አልኩት? ብታሰርስ ብዬ ፈርቼ ነበር። እታሰር ነበር? አላውቅም፤ እውነቱን ተናግሬ አላየሁትም። ከሥራ እባረር ነበር? ምናልባት። ግን ልክ ያን ሰዓት በአእምሮዬ የነበረው እስር ቤት አልነበረም። የነበረው የጻፍኩት ዜና ሐሰት መባሉ ነው። በሥራዬ የተመሰገንኩበት ነገር አለመሳሳቴ ነበር። ያን ስም ላለማጣት ሰው ሸጥኩ። እኔ ሸጥኩ። ዘመኑ ክፉ ነበር የሚሉ አሉ፤ ዘመኑ ክፉ ነበር። ስልኩን ያነሳው ግን ዘመኑ አይደለም።

ጋሽ ድንበሩ «ማንበቤን ገና አሁን ሰማሁ» አሉ። እኔ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። እሳቸው አልተሳደቡም፤ አልለመኑም። ማሲንቋቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ተነሡና በሩ ላይ ቆሙ።

«አለሚቱ ሠርግ ላይ ነው ብላ ትጠብቀኛለች» አሉኝ። «ሞጣ ስትሄድ ግባና ንገራት። ሳያውቅ ነው የፈረመው በላት። ትቶሽ አልሄደም በላት።»

«እሺ» አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው መጣ። እኔም ለሥራ እዚያው ነበርኩ። የተሳፋሪዎቹን ስም ከዝርዝሩ ጋር አመሳከርኩ። ስማቸውን በትክክል ጻፍኩ፤ ከስማቸው ቀጥሎም «በፈቃዳቸው» የሚል ቃል ጨመርኩ። ይህም ዜና በራዲዮ ተነበበ።

በዚያ ዓመት ብቻ ሞጣ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። ወይዘሮ አለሚቱ ቤት አልገባሁም። መንገዱን ቀይሬ በመስጊዱ በኩል እዞር ነበር። ስማቸው የተጻፈበትን ማሲንቆዬን ከግድግዳ አውርጄ በጨርቅ ጠቀለልኩት። መጣል አልቻልኩም፤ ማየትም አልቻልኩም።

ከጋሽ ድንበሩ ጋር የሄዱ ሁለት ሰዎች በሕይወት ተመልሰዋል። አንዱን ደጀን፣ ሌላውን ግንደወይን አግኝቼ ለየብቻ ጠየቅኋቸው። ቃላቸው አንድ ነው፤ ጋሽ ድንበሩ በሄዱ በስምንተኛው ወር በወባ ሞቱ።

ወይዘሮ አለሚቱ ቤት የገባሁት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ በጥር 1984 ዓ.ም. ነው። ልናገር ብዬ ገባሁ። የምናገረውን በልቤ አጥንቼው ነበር። በር ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ።

«የጋሽ ድንበሩን ጨዋታ እወድ ነበር» አልኩ።

«ጨዋታውንማ ማን ይጠላል» አሉ። «እኔ የጠላሁት ሌላ ነው። አንብቦ፣ አውቆ ፈረመ። በራዲዮ ሰማሁት፤ በፈቃዱ አሉ። ለእኔ ሠርግ ነው ብሎኝ ወጣ። ልሄድ ነው ቢለኝ እይዘው ኖሯል? እግር እንኳ የለኝ።»

ጎረቤታቸው የሆኑ ሴት «ተይ እንጂ እትዬ፤ ሙት አይወቀስም» አሏቸው።

«ሙት መሆኑንማ አውቃለሁ። ተዝካሩን አላወጣሁም። ለተወኝ ሰው ምን ብዬ?»

ጊዜው ያ ነበር። ከእሳቸው ጋር የነበርነው እኔና ጎረቤታቸው ብቻ ነን፤ ፍርሃትም ሆነ ቀበሌ በመሀል የለም፤ የሚያስረኝ የለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። «ነፍስ ይማር» አልኩና ተነሣሁ። ሸኙኝ፤ «ተባረክ» አሉኝ። ምርቃቱን ተቀብዬ ወጣሁ።

የመጀመሪያውን ጥፋት በፍርሃት አመካኝ ይሆናል። ሁለተኛውን በምን ላመካኝ? ስለዚህ ይቅርታ አልለምንም። ይቅር ማለት የሚችሉት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱንም በየተራ አገኘኋቸው፣ ሁለቱንም ፊት ለፊት አየኋቸው። የቀረኝ ያደረግሁትን ሳላሳንስ ማስፈር ነው።

የቀረውን የነገሩኝ እኚያው ጎረቤት ናቸው፤ በወይዘሮ አለሚቱ ቀብር ላይ የነበረ ሌላ ሰው ጠይቄም አረጋግጫለሁ። ወይዘሮ አለሚቱ እኔ ከቤታቸው ከወጣሁ በኋላ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ኖሩ። አውቆ ትቶኝ ሄደ እንዳሉ፣ ተዝካሩንም ሳያወጡ ሞቱ።