የገብረ መድኅን ግራ ዓይን

ደብተራ ቀለመ ወርቅ በጃንሆይ ዘመን እስቴ መካነ ኢየሱስ ማኅተም እየቀረጸ የኖረ ሰው ነው። ዝምተኛ ነው ይሉታል፤ ሲቆጣ ግን ከነመሮው ነበር የሚነሣው። ድግስ ያለበት ሰው ሲያዝዘው በወይራ ጣውላ ላይ ሥዕልና ሁለት ስንኝ ቅኔ ገልብጦ ይቀርጻል፤ ጥላሸት ቀለም ቀብቶ በወረቀት ያትመዋል። ለታዳሚው አንዳንድ ይታደላል እንጂ ገበያ አይወጣም፤ የዚያ ድግስ ብቻ ነው።

ሐረገ ወይን የምትባል የገበሬ ሚስት ለሟች ባሏ ለገብረ መድኅን ተዝካር አዘዘችው። ባሏ ፎቶግራፍ ተነሥቶ አያውቅም፤ መልኩ የሚቀርላት በዚህ ወረቀት ብቻ ነበር። በተዝካሩ ዋዜማ መጥታ ጣውላውን አየችው። ከእመቤታችን እግር ሥር የተንበረከከው ሰው ሁለት ዓይኑን አፍጥጧል።

«ይሄ ማነው?»

«ባለቤትዎ ናቸዋ።»

«የኔን ባል ግራ ዓይኑን በሬ ወግቶታል። ይሄን ሰው አላውቀውም፣ የኔታ።»

ቀለመ ወርቅ ነደደው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ባለ አንድ ዓይን ሆኖ የሚሣለው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው። ምእመን ሁለት ዓይን አለው፣ አለቀ። ይህን ደግሞ ከደብሩ አለቃ ከወልደ ገብርኤል የበለጠ የሚጠብቅ የለም፤ የአዲሱን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እንዲሥል ቃል የገቡለትም እሳቸው ናቸው። ዕድሜ ልኩን የተመኘው ሥራ ነበር።

«አለቃ ቢያዩት ጉድ ይፈላል» አላት።

«አለቃ አብረውት አልኖሩ!»

ቀለመ ወርቅ ጣውላውን ወደ ራሱ ሳበው። ከእንጨት አንዴ የተነሣ ነገር አይመለስም። ነገ አለቃ አይተው ግድግዳውን ለሌላ ሠዓሊ እንደሚሰጡበት ያውቅ ነበር፤ ሰጡበትም። እስኪሞት ሲያንገበግበው ኖረ፣ አይፈረድበትም። ያን ዕለት ግን እየተነጫነጨ መሮውን አነሣና የሥዕሉን ግራ ዓይን ፋቀው። የመጀመሪያውን ወረቀት አትሞ አቀበላት።

ሴትዮዋ ወረቀቱን አየችው። በሬ የወጋው ዓይን ገብረ መድኅን እስኪሞት ውኃ ሲያፈስ ነው የኖረው፤ እሱ ግድ የለውም፣ የምትጠርግለት እሷ ነበረች። የነጠላዋን ጫፍ አንሥታ ባዶውን ቦታ ጠረግ አደረገችው። ቀለሙ አልደረቀም ነበርና ጉንጩ ሁሉ ጠቆረ።

«ይምጡ፣ ሌላ ላትምልዎ» አላት።

«ለእንግዶቹ ያትሙላቸው» አለች፣ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ይዛ። «ይሄ የኔ ነው።»