ከእናቱ ኪስ የወደቀው ግልገል

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ልጄ ሂባ ስድስተኛ ዓመቷን የያዘችበት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ክፉና ደግ አይቻለሁ፤ ይህን ነገር ባስታወስኩ ቁጥር ግን ዛሬም ደሜ ይፈላል።

የምንኖረው አሜሪካ ባለችው አሌክሳንድሪያ ነበር። ድግሱን ያዘጋጀነው በአፓርትመንታችን ፓርቲ ሩም ውስጥ ነው። ታክሲ የሚነዳው ወንድሜ ያሲን፣ በዲቪ ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ፣ «ለሂባ ሰርፕራይዝ አለኝ» እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሲኩራራ ሰነበተ። ለካ ለልጆች ልደት እንስሳ ይዞ የሚዞር ሰውዬ ቀጥሮ ኖሯል።

ሰውዬው የውሻ ማጓጓዣ ሳጥን ይዞ ገባ። ውስጡ ዋላቢ አለች። ለማታውቁት፣ ዋላቢ የካንጋሮ ታናሽ ዘመድ ናት፤ አገሯ አውስትራሊያ ነው። ቁመቷ ከሂባ ወገብ ብዙም አይበልጥም። ከሳጥኑ ስትወጣ ትንቀጠቀጣለች፣ የፊት እጆቿን ደጋግማ ትልሳለች። ሙቀት ወይም ጭንቀት ሲበዛባት እንደዚያ እንደምታደርግ ያወቅሁት በኋላ ነው።

«መዳበስ ትወዳለች» አለ ሰውዬው።

የልጅ መዓት ከበባት። አንዱ ጭራዋን ይጎትታል፣ ሌላው ጆሮዋን ይይዛል፣ ሰውዬው ይስቃል። ይባስ ብሎ ጎንበስ አለና ሆዷ ላይ ያለውን ኪስ በሁለት ጣቱ ከፈተው። «ኑ፣ ቤቢውን እዩ!»

የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ ሰዓዳ ለድግሱ ከሚኖሩበት ከተማ ከሲልቨር ስፕሪንግ መጥተው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ደሴ ሳሉ የሰፈሩ ሴት በወለደች ቁጥር ከደጇ የማይጠፉ ሴት ናቸው። ኪሱ ሲከፈት ባዩ ጊዜ ብድግ አሉ።

«ይቺ አራስ አይደለችም እንዴ? አራስ ገልጦ ለሰው ያሳያል፣ ይሄ የማያፍር!»

«እትዬ፣ እንስሳ እኮ ናት» አላቸው ያሲን።

«እንስሳ ብትሆንስ? አልወለደችም?»

ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ፊኛ ፈነዳ። ዋላቢዋ ተስፈንጥራ ከመስታወቱ በር ጋር ተላተመች። እንደገና ስትዘል ከኪሷ አንድ ነገር ምንጣፉ ላይ ዱብ አለ። ፀጉር ያላበቀለ፣ ዓይኑ ያልተገለጠ፣ መዳፍ የማይሞላ ግልገል ነው።

ሰውዬው ምን ቢል ጥሩ ነው? «አትጨነቁ፣ ያጋጥማል። ይሄ አይተርፍም፤ ሌላ ትወልዳለች» አለና የወረቀት ሰሃን አነሳ። አፍሶ ሊጥለው! በልጆቹ ፊት!

እትዬ ሰዓዳ ቀደሙት። ግልገሉን በአንገት ልብሳቸው ጠቅልለው ቀሚሳቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ ሸጎጡት። ከዚያ ልጆቹን ከክፍሉ አስወጡ፣ ሙዚቃውን አስዘጉ፣ መጋረጃ አስጋረዱ። ፓርቲ ሩሙ በአንድ አፍታ አራስ ቤት ሆነ። ዋላቢዋ ጥግ ይዛ ታለከልካለች።

እኔ የእንስሳት ቁጥጥር ቢሮ ኮል አደረግሁ። ስልኩን ያነሳችው ሴት «ግልገሉን አሙቁት፣ በአፉ ምንም እንዳይገባ። እናትየዋን አታባርሯት፣ ድንጋጤ ብቻውን ሊገድላት ይችላል» አለችኝ። ዘወር ስል እትዬ ሰዓዳ ከምግቡ ጠረጴዛ ቅቤ በጣታቸው ጫፍ ይዘው ወደ ግልገሉ አፍ ሲያስጠጉ አየሁ። እኛ ዘንድ አዲስ የተወለደ ልጅ ቅቤ ይልስ የለ!

ሮጬ እጃቸውን ያዝኩ። «እትዬ፣ ምንም እንዳይቀምስ ተብሏል! ያንቀዋል!»

«ቅቤ ሲገድል አይቼም አላውቅ» ብለው አኮረፉኝ፤ ጣታቸውን ግን ጠረጉ።

ይሄኔ ሰውዬው ተቆጣ። «ንብረቴ ነው፣ አምጡ!»

ያሲን መሃል ገባ። «እትዬ፣ በአላህ ይስጡት። የቀጠርኩት እኔ ነኝ። ፖሊስ ቢመጣ ግሪን ካርዴ ላይ ጣጣ ያመጡብኛል።»

«ይምጣ! ከደረቴ እንዴት አድርጎ እንደሚያወጣው አያለሁ!»

ሰውዬው እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። የቢሮው ሰዎች መጥተው ግልገሉን በጨርቅ ከረጢት፣ እናቱን በተሸፈነ ሳጥን ወሰዷቸው። ሁለቱም ተረፉ።

በማግስቱ ላይብረሪ ሄጄ ዋላቢ የሚል መጽሐፍ ሁሉ አገላበጥኩ። እንግሊዝኛዬ ያው በራሴ የለቀምኩት ነው፤ ቢሆንም ገባኝ። ግልገሉ ሲወለድ ባቄላ ያክላል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? ዓይኑ ሳይገለጥ የእናቱን ፀጉር እየቧጠጠ ብቻውን ኪሱ ውስጥ ይገባል፣ ጡት ነክሶ ለወራት እዚያው ያድጋል። እናት ክፉኛ ስትደነግጥ ኪሷ ይላላል፣ ልጇም ይወድቃል። አገራቸው ላይ ቀበሮና ድመት እየፈጃቸው፣ መኖሪያቸው እየተመነጠረ፣ አንዳንዱ ዘር ጨርሶ እንዳይጠፋ ሰዎች አጥር አጥረው ይጠብቃሉ። እኛ ጋ በወረቀት ሰሃን! ኧረ ተዉኝ!

ጉዱ አላለቀም። ሰውዬው «እንስሶቼ ይመለሱልኝ» ብሎ ፍርድ ቤት ቆመ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያየ፣ ቀጥሮ ያመጣው ሰው ይመስክር ተባለ። ያሲን «እኔን እዚህ ውስጥ አትክተቱኝ» ብሎ ስልኬን ማንሳት ተወ።

ዛሬም እንዲህ ያለ እንስሳ በልደት ላይ ሲመጣ ካየሁ ልጆቼን ይዤ እወጣለሁ። ባለቤቱን የምናገረውን ተናግሬ ነው የምወጣው።

ወደ ያሲን ልመለስና፣ የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ዕለት ማንም ሳይጎተጉተው ታክሲውን አቁሞ፣ የዒድ ሱፉን ለብሶ ፍርድ ቤት መጣ። «የቀጠርኩት እኔ ነኝ» ብሎ ጀመረ። ያየውን አንድ በአንድ ተናገረ። ዋላቢዋና ልጇ ለሰውዬው እንደማይመለሱ ሲነገር ሰማ፣ እትዬ ሰዓዳን ሲልቨር ስፕሪንግ አደረሰ፣ ከዚያ ወደ ሥራው ሄደ።