ወደ አሰብ የበረርኩበት ጥቅምት

ባለፈው ሰኞ የታናሽ ወንድሜ ልጅ ከቦሌ ደወለችልኝ። መሥሪያ ቤቷ ለሥልጠና ናይሮቢ ልኳት፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ልትሳፈር ነው።

«እቴቴ፣ አንቺ መጀመሪያ የተሳፈርሽ ጊዜ ፈርተሽ ነበር?» አለችኝ። ከጀርባዋ የሻንጣ ጎማ ሲንኳኳ ይሰማል።

«ኧረ አልፈራሁም። በጣም ነው ደስ ያለኝ።»

ወዲያው «ግቡ ተባልን» ብላ ዘጋችው። የነገርኳት እውነቴን ነው። ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በረንዳው ላይ ብዙ ቆየሁ። የአዳማ ነፋስ እንደ ልማዱ የሰፈሩን አቧራ እያነሳ አጥሩ ላይ ይነሰንሳል።

ያኔ ከተማዋን ናዝሬት ነበር የምንላት። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ከአሰብ ወደብ ጭነት ያመጣል። ሲመጣ ከአሰብ ቴምር፣ ከመንገድ ዳር ደግሞ ብርቱካን በጆንያ ይዞ ይገባል፤ ቤቱ ለሁለት ቀን ብርቱካንና ናፍጣ ይሸታል። ከዚያ ይሄዳል፣ እኛም መጠበቅ እንጀምራለን። የልጅነቴን ዘመን ሳስበው አብዛኛው መጠበቅ ነው።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ እናቴ ወንድ ልጅ ወለደች። አባቴ አሰብ ነበር። የክረምቱ ጎርፍ አንድ ድልድይ ሰብሮ መንገዱ ስለተቆረጠ መኪናዎቹ ሁሉ እዚያው ከርመዋል። ቤታችን በገንፎና በአጥሚት ሽታ ተሞልቶ፣ ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ሲገባ ሲወጣ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ለማ ከሞጆ መጣ። ሞጆ ጋራዥ ነበረው። ያን ቀን ግን እጁን እንኳ ሳይታጠብ ነው የመጣው፤ ግሪሱ ጣቶቹ ላይ ነበር።

«እትዬ፣ ወንድሜን ወባ ይዞት አሰብ ሆስፒታል ተኝቷል አሉ» አላት። «በአውሮፕላን ልሄድ ነው።»

እናቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ አየችው። «ጽጌን ይዘሃት ሂድ።»

«ልጅ ናት እኮ፣ እትዬ። የዚያ አገር ሙቀት…»

«እናንተ ወንዶች የምትነግሩኝን አላምንም። ልጄ በዓይኗ አይታው ትምጣ።»

ጋሼ ለማ እኔን አየኝ፣ ከዚያ መሬት መሬት አየ። እምቢ የሚልበት ምክንያት አጣ።

አዲስ አበባ ሄደን የተሳፈርንበት አውሮፕላን ክንፎቹ ላይ ማራገቢያ ያሉት ትንሽ ነበር፤ ሲነሳ እንደ አሮጌ አውቶቡስ ይንቀጠቀጣል። ጋሼ ለማ መስኮቱን ለእኔ ለቀቀልኝ። መሬቱ ሲለቀን ሳላስበው ሳቅሁ። አባቴ ወባን ስንቴ ታሞ ስንቴ ድኗል! ስደርስ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ እንደማገኘው አልተጠራጠርኩም።

«ያ ደብረ ዘይት ነው» አለኝ ጋሼ ለማ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ እያሳየኝ። ሐይቆቹ ውኃ እንደሞላ ሳህን እዚህም እዚያም ተቀምጠዋል። «ያ ሰፊው ቆቃ ነው። ከዚያ ማዶ ናዝሬት። እናትሽ እዚያ ናት።» እጄን መስታወቱ ላይ አደረግሁ። ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ከዚያ ቢጫውም አለቀና መሬቱ ቡናማ ሆነ፤ መተሐራ ላይ የሸንኮራው ማሳ ብቻ አረንጓዴ ምንጣፍ መስሎ ተዘርግቷል። በመሃሉ እንደ ክር የቀጠነ መንገድ ይሄዳል።

«ያውልሽ የአባትሽ መንገድ» አለኝ።

ክሩ ላይ ጉንዳን የምታክል መኪና ስትሄድ አየሁ። እሱ ቀናት ሙሉ የሚለፋበትን መንገድ ከላዩ ላይ ሆኜ ማየቴን ስነግረው እንዴት እንደሚስቅ አሰብኩ። የምነግረውን በልቤ መደርደር ጀመርኩ።

ዳቦ በሥጋና ከረሜላ አመጡልን። ጋሼ ለማ የእሱን ለእኔ ሰጠኝ።

«ጾም ላይ ነኝ» አለ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ የጽጌን ጾም እንደሆነ እሱ ጾሞት አያውቅም። እኔ ግን ርቦኝ ነበርና በላሁለት። ትንሽ ቆይቶ ፊቱን ወደዚያ አዙሮ በመሐረብ ሲጠርግ አየሁት።

«ጋሼ፣ አመመህ?»

«ጆሮዬን ደፈነኝ። ይልቅ አሁን ምን ይታይሻል? ንገሪኝ።»

ነገርኩት። ድሬዳዋ አርፈን እንደገና እስክንነሳ፣ ከዚያም አሸዋው አልቆ ባሕሩ እስኪታይ አፌ አልተዘጋም።

አሰብ በሩ ሲከፈት የምድጃ ወላፈን ፊቴን መታኝ። የአባቴ ጓደኞች፣ ሾፌሮች፣ ተሰልፈው ቆመዋል። በዚያ ሙቀት ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። አንዱ እኔን ሲያይ ፊቱን ሸፈነ። ጋሼ ለማ እጄን ይዞ ወደ አንድ የጭነት መኪና ጥላ ወሰደኝና አስቀመጠኝ።

«ጽጌ፣ ወንድሜ የለም» አለኝ።

እሱ ከሞጆ ወደ እኛ ቤት ሲመጣ አባቴ ተቀብሮ ነበር። በዚያ ሙቀት ሬሳ አይቆይም። ያየሁት ዙሪያውን ድንጋይ የተደረደረበት የአሸዋ ክምር ነው።

ስንመለስ ጋሼ ለማ ሞጆ ቤቱ አስገብቶ ፊቴን አስታጠበኝ። «እናትሽ አራስ ናት። ለአራስ መርዶ አይነገርም። ክርስትናው እስኪያልፍ ቻይው፣ የኔ እናት» አለኝ። እሱ ብቻውን የቻለውን አሁን ለሁለት ልንችለው ነው።

እናቴ ሕፃኑን እያጠባች ነበር።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«እንዴት ነው?»

«ዕረፍት ላይ ነው» አልኳት። ቃሉ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ሌላ እንዳትጠይቀኝ ፈራሁና ስለ አውሮፕላኑ ማውራት ጀመርኩ። ስለ መንቀጥቀጡ፣ ስለ ሐይቆቹ፣ ስለ ከረሜላው። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። አንዴ ብቻ፣ «መንገዱስ ታየሽ?» አለች። መንገዱን ከመተሐራ ጀምሬ በየመታጠፊያው ነገርኳት። ሕፃኑ ተኝቶም አላስቀመጠችውም። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ አባቴ ጠይቃኝ አታውቅም።

ክርስትናው ደረሰ። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ማለዳ ሊያረዷት ተስማምተዋል። እስከዚያ ልጁን ማሙሽ ነበር የምንለው፤ ስም የሚያወጣው አባቱ ነው ተብሎ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ሲቀርብ አንድ ዘመዳችን፣ «ለመሆኑ ይህን ልጅ ማን ልንለው ነው?» አለ።

እናቴ የልጁን መጠቅለያ አስተካከለች።

«ምትኩ በሉት» አለች።

አባቱ በሕይወት ላለ ልጅ እንዲህ ያለ ስም አይወጣም። ጋሼ ለማ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጥሎ እንደ ልጅ ጮኾ አለቀሰ። መርዶውን የሚናገር ሰው አላስፈለገም።

ሐዘኑ ሲበርድ መቼ እንዳወቀች ጠየቅኋት።

«ስለ አውሮፕላኑ ስታወሪልኝ ነዋ። አባትሽ ቢኖር መጀመሪያ የምታወሪልኝ ስለ እሱ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ላድርግ? ባለቅስ ይህ ልጅ ምን ይጠባል? አንቺም ለእኔ ብለሽ ስትጨነቂ አየሁሽ።» ቀጥላም፣ «ደግሞ እሱ የሚሄድበትን መንገድ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ስትነግሪኝ ደስ አለኝ» አለች።

እናቴ አውሮፕላን ሳትሳፈር አርጅታ ሞተች። አሰብ ዛሬ ድንበር ማዶ ናት፤ ምትኩ ፀጉሩ ሸብቶም የአባቱን መቃብር አላየም። እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ በርሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጋሼ ለማ ያን ጠዋት የወንድሙን ሞት በሆዱ ይዞ፣ «አሁን ምን ይታይሻል?» እያለ ሲጠይቀኝ ምን እየሰጠኝ እንደነበር የገባኝ እሱም ካረፈ በኋላ ነው። ያኔ ሾፌሮቹ አባቴን ቀብረውት ተመልሰው ነበር። እኔ ግን አውሮፕላኑ አሰብ እስኪያርፍ ድረስ አባት ነበረኝ።