አራት ክር

ጓደኛዬ ማሲንቆ ይመታል፤ ግጥሙን የምሰጠው እኔ ነኝ። በእኛ ከተማ ፒያሳ አጠገብ ባለችው አዝማሪ ቤት ከጥግ ሆኜ «ተቀበል!» ስለው አንገቱን ወደኔ ያዘነብላል፣ ስንኙን ከአፌ ወስዶ በዜማ ይመልሰዋል። ማንም ያላስተማረኝን ግጥም የተማርኩት እዚያ ነው። አንድ ስንኝ ሸጋ መሆኑን የማውቀው እሱ ሲዘፍነው ብቻ ነበር።

ከዚያ ቫዮሊን ያዘ።

ያስያዘችው የሙዚቃ ትምህርቷን ጨርሳ ከአዲስ አበባ ወደ ከተማችን የመጣች ልጅ ናት። ሌሎች ሁለት ሰዎች ጨምራ አራት ሆኑና አራዳ ውስጥ አንድ አዳራሽ ለምነው ልምምድ ጀመሩ። የመረጠችው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አንድ ፈረንሳዊ ቫዮሊን ተጫዋች ለአራት ባለክር መሣሪያዎች የደረሰውን ሙዚቃ ነው። «ብዙ ሰው አያውቀውም» ትላለች፣ ራሷ የወለደችው ይመስል። አንደኛውን ቫዮሊን የያዘችው እሷ ናት። ጓደኛዬ ሁለተኛውን።

በየልምምዱ ሄድኩ። ማን ይከለክለኛል? ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ጣቶቿን አያለሁ። እሷ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ ትስረቀረቃለች፤ እሱ ከሥሯ እንደ ወፍጮ ያንኑ ድምፅ ይመላልሳል። ቃል የሚባል የለም። ቃል ለማያስፈልገው ነገር እንዲያ አንገቱን ሲያዘነብል ማየት አቃጠለኝ።

«ፈረንሳዊው ጥሩ ጥሩውን ራሱ ለሚይዘው ለአንደኛው ቫዮሊን ነው የጻፈው» አልኩት አንድ ቀን ስንወጣ። «አንተ የእሷ አጃቢ ሆነህ ቀረህ።»

«ምነው፣ አንቺ ግጥም ስትሰጪኝስ እኔ ማን ነበርኩ?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ለሰው ያቀረቡት እሑድ ከሰዓት ነው። መካከል ላይ፣ ሙዚቃው ዝግ በሚልበት ቦታ፣ ሦስቱ ደጋናቸውን ከክሩ አነሱና እሷ ብቻዋን ቀረች። ትንሽ ተጫውታ ዞር ብላ አየችው። ከዚያ እሷም ዝም አለች። እኛ ዘንድ ተጫዋች እንዲህ ዝም ሲል ግጥም ስጡኝ ማለቱ ነው። አፌ ቀደመኝ፦

«ተቀበል!
ባንዲት ክር ነበረ አገር ያስለቀስከው፣
አራት ክር ሰጥተውህ ምነውሳ ዝም ያልከው?»

«አበጀሽ ልጄ!» አሉ አንድ ሽማግሌ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሱ ግን አንገቱን አላዘነበለም። ዓይኑ እሷ ላይ ነበር፤ ምልክት ስትሰጠው ከሥሯ ገባላት፣ ቀጠሉ። ስንኜን የተቀበለው የለም።

በር ላይ ጠበቅኩት። የቫዮሊኑን ቦርሳ አንጠልጥሎ መጣ።

«ግጥሙ ሸጋ ነበር» አለኝ። «ግን እኮ ገና አልጨረስንም ነበር።»

ባጃጅ ሳንይዝ በእግር ወረድን። መንገድ ላይ የራሱን ክፍል ያንጎራጉር ጀመር፣ ያችኑ ወፍጮ። ብቻዋን ስትሆን ባዶ ናት። የልጅቱን ክፍል ደግሞ እኔ አንድ ሳላስቀር አውቀዋለሁ፤ ቅናት ያስጠናኝን ያህል ማንም አስጠንቶኝ አያውቅም። ቀስ ብዬ በእሷ ዜማ ገባሁበት። አንገቱን ወደኔ አዘነበለ፣ እንደ ድሮው። እስከ መታጠፊያው አብረን ሄድን።

«እዚች ጋ» አለኝ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «እሷ ትንሽ ትዘገያለች።»