አብዱናስር ወለሉን ሲቆፍር
አብዱናስር ድስት ሠሪ ነው። ጭሮ ውስጥ በእሱ ድስት ያልተቀቀለበት ሰፈር የለም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ከሚኤሶ የሚመጣለትን ያረጀ የከባድ መኪና የአሉሚኒየም ፒስተን እያቀለጠ፣ የአሸዋ ቅርጽ ውስጥ እያፈሰሰ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረ። ዘንድሮ ግን ቁራሌዎቹ ያገኙትን አሉሚኒየም ሁሉ በአይሱዙ ወደ አዲስ አበባ መጫን ጀመሩና እሱ እጁን አጣጥፎ ቀረ። ምድጃው ከቀዘቀዘ ሁለት ወር ሞላው።

በዚህ መሀል የሰፈሩ መስጊድ ኮሚቴ ለረመዳን ማፍጠሪያ አንድ ትልቅ ድስት አዘዘው። እስከ ሐሙስ ካላደረሰ ከሱቅ ይገዛሉ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያዘዋል? ሌላ ሙያ እንደሆነ አያውቅም።

ያኔ የቤቱ ወለል ትዝ አለው። ብረቱ ሲቀልጥ ከላይ የሚንሳፈፈውን ቆሻሻ ለዓመታት እየጠረገ የግቢውን ጭቃ የደለደለበት፣ በኋላም ቤቱን በላዩ የሠራበት እሱ ራሱ ነው። ቆሻሻው ውስጥ ደግሞ የብረት ፍርፋሪ አይጠፋም፤ ወቅጦ ለነፋው ይገኛል።

"ሀብቱ እኮ እግራችን ሥር ተኝቷል!" አላት ሚስቱን ረዲያን።

"አቦ፣ ቤቱን በላያችን ልትንደው ነው?" አለች። ግን ልጆቹን እህቷ ጋ ልካ አካፋውን አቀበለችው።

ሦስት ቀን ቆፈረ። የጓዳው ግድግዳ ተሰነጠቀ። ረዲያ ወቀጠች፣ ነፋች፤ ወንፊቱ ላይ ምንም አልቀረም። ሁሉም ነጭ ዱቄት ሆኗል፤ ውሃ ሲነካው እንደ ሽንት ይከረፋል።

ጨው ነው ጉድ የሠራው። ብረቱ እንዲጠራ ብሎ ባቀለጠ ቁጥር ጨው ይበትንበታል። ሌሎቹ ሲቆጥቡ እሱ በእፍኝ ነበር የሚሞጅረው፤ ይኮራበትም ነበር፣ ወገኛ! ያ ጨው ከቆሻሻው ጋር ተቀብሮ የየክረምቱን እርጥበት እየሳበ ፍርፋሪውን በላው።

ረቡዕ ማለዳ ረዲያ ከሰርጋቸው ጀምሮ የሠራላትን፣ በቤቱ ያሉትን አምስት ድስቶች በሙሉ አምጥታ ምድጃው አጠገብ ደረደረች። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። አቀለጣቸው፤ አፈሰሰ።

ከሰዓት በኋላ አሸዋውን ሲያፈርሱት ብረቱ አልበቃም። የድስቱ ቂጥ ላይ ጡጫ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፍቷል።

"ያ ረቢ!" አለና አመዱ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

ረዲያ ቀዳዳውን በጣቷ ዳሰሰችው።

"ልጆቹ ማታ ይመጣሉ" አለች። "በምን ላብስልላቸው?"