የክር ንቦች

ሰሞኑን ከገበያ የገዛሁት እርድ መቋጠሪያው ቦርሳዬ ውስጥ ተቀዶ ጣቶቼን ቢጫ ሲያደርጋቸው፣ ሽታው ሳላስበው ወስዶ ፓራዲዞ ሰፈር ከነበረው ትምህርት ቤታችን ጣለኝ።

ሁለተኛ ክፍል ነበርን። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ትግርኛ ከክፍል ወጥቶ ትምህርቱ ሁሉ በአማርኛ ብቻ ይሁን ከተባለ ብዙም አልቆየም፤ እኛ ግን ከ«እንደምን አደራችሁ» ያለፈ አማርኛ አልነበረንም። ከዓዲ ጓዕዳድ መንደር በእግራቸው እየመጡ የሚያስተምሩን ወይዘሪት ለተብርሃን፣ ስለ ንብ ከመጽሐፉ ሲያነቡልን ዓይናችን ፈዝዞ ቢያዩ መጽሐፉን ከደኑት።

በማግስቱ ባለቀለም ወረቀት፣ ጥቁርና ቢጫ የሱፍ ክር፣ በብጣሽ ወረቀት የተቋጠረ እርድም ይዘው መጡ። ወረቀቱን አጣጥፈን አበባ ሠራን፤ ክሩን ጣታችን ላይ ጠምጥመን ንብ አደረግነው፤ የአንዳንዳችን ንብ ግልገል በግ አህሎ የሳቃችን ነገር አይነሣ። ከዚያ በየአበባው መሐል እርድ ነሰነሱልንና በሩን ገርበብ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በትግርኛ አስረዱን፦ ንቢቱ ጣፋጭ ፍለጋ ስትገባ ዱቄቱ እግሯ ላይ ይጣበቃል፣ ሳታውቀው ለሌላው አበባ ታደርስለታለች፣ ፍሬ የሚያዘውም በዚያ ነው። በየመሐሉ ወደ መስኮቱ ይመለከቱ ስለነበር እኛም ምክንያቱን ሳናውቅ ፈራን።

በአማርኛ መማራችንን እየዞረ የሚያየው የትምህርት ተቆጣጣሪ የገባው ዱቄቱ ገና ከጣታችን ሳይራገፍ ነው። ክራቫት ያሰረ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ፊት የተቀመጥኩትን እኔን አስነሣኝ።

«ንብ ለአበባ ምን ታደርጋለች?»

የገባኝ «ንብ» እና «አበባ» የሚለው ብቻ ነበር። ክር የጠመጠምኩበትን ጣቴን ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው አሻግሬ ቢጫውን አሳየሁት። ፈገግ አለ።

«ጎበዝ። መምህርትሽ ናቸው ያስረዱሽ? በትግርኛ?»

«እወ» አልኩት፤ «ትግርኛ» የሚለውን ቃል ሰምቼ አዎ ማለቴ ነው።

ተቆጣጣሪው ፈገግታው ሳይጠፋ ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈ። ወይዘሪት ለተብርሃን አልተቆጡኝም። አጠገቤ መጥተው «ኣጆኺ ጓለይ» አሉኝ፤ አይዞሽ ልጄ ማለታቸው ነው። 

ሰኞ ዕለት ሌላ አስተማሪ ገባ። ወይዘሪት ለተብርሃን ወደ ቆላ ተዛወሩ ተባለ። የንቡን ገጽ በአማርኛ በቃላችን ሸመደድነው፤ ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀን ግን የለም።

ከዓመታት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወይዘሪት ለተብርሃንን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆመው አየኋቸው። ሸብተዋል። ዓይናቸው እኔ ላይ አርፎ ቆየ። ያን ጊዜ እኔም አስተማሪ ሆኜ ነበር፤ ይቅርታ ለማለት ትግርኛውም አማርኛውም ነበረኝ። እኔ ግን ከፊቴ ከቆሙት ሰዎች ጀርባ ተከለልኩ፤ አውቶቡሱም መጣና ይዟቸው ሄደ።