በማተቤ ላይ የታሰረው ቁልፍ

መኪና ከመነሳቱ በፊት የምትሰማ አንዲት ድምፅ አለች። ቁልፉ ሲዞር፣ ሞተሩ ገና ሳይጮህ፣ ነዳጅ የሚገፋው ፓምፕ ከኋላ በኩል «እዝዝዝ» ይልና ዝም ይላል። ሰው ልብ አይላትም። እኔ ግን ዘመሮ ከተማ መናኸሪያው ጥግ ሱቄን ስከፍት፣ ጉሙ ገና ከመንገዱ ሳይነሳ ያቺን ድምፅ ከሰማሁ እጄ ሳላዘው ወደ አንገቴ ይሄዳል። ወዲያው የቤንዚንና የተበየደ ብረት ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል። የጋሽ ማንደፍሮ ሽታ ነው።

አባቴ ሚኒባስ ነጂ ነበር። ቁልፉን አዙሮ አይቸኩልም፤ ፓምፑ እዝዝ ሲል እሱ ከግንባሩ ወደ ደረቱ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ያማትባል። ሁለቱ አብረው ያልቃሉ። ከዚያ ያስነሳል። «ስም ሳይጠሩ ማስነሳት የለም» ይለኝ ነበር ጋቢና አጠገቡ ሲያስቀምጠኝ። አንድ የሐምሌ ጠዋት ጉም መንገዱን ዋጠውና መኪናው ተገለበጠ። ተሳፋሪ ገና አልጫነም ነበር። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «ተመስገን፣ ብቻውን ነው» ሲል ሰምቼ፣ እውነቱን ለመናገር ያንን ቃል እስከ ዛሬ አልወደውም።

ከልብሱ ጋር ቁልፉ ተመለሰልን። ራሱ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ የአባቴ አውራ ጣት ያረፈበት ቦታ ተልጧል። እናቴ ሣጥን ውስጥ ልትቆልፍበት ስትል ነጠቅኳትና ቀኑን ሙሉ አለቀስኩ። ቢቸግራት የማተቤን ክር በቁልፉ ቀዳዳ አሳልፋ፣ በራሴ እንዳይወልቅ አሳጥራ ቋጠረችውና በጧፍ ሰም አተመችው። እኛ አገር ማተብ አይበጠስም። ማተቡን የበጠሰ ሃይማኖቱን የካደ ነው። እናም ቁልፉ የማንም እጅ የማይደርስበት ቦታ ገባ።

ጋሽ ማንደፍሮ መጀመሪያ የመጡት እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ ነው። የጎረቤት ከተማ የሞላሌ በያጅ ናቸው፤ ረጅም፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ እጃቸው በብየዳ ፍንጣሪ የተበሳሳ። አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» አሉ፣ አለቀሱም። ከዚያ በፊት ያየናቸው ሰው አልነበሩም። በአርባው ደግሞ መጡ። ከአርባው በኋላ እንደገና መጡ። በመጡ ቁጥር ግድግዳውን ያያሉ፣ ዕቃ መስቀያውን ምስማር ያያሉ፣ እኔን ያያሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ፣ ይሄዳሉ። ጎረቤት ዝም አይልም መቼም፤ «የሞላሌው በያጅ መበለቲቱን ከጅሏል» ተባለ። እናቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አወረደችው።

የአባቴ ታላቅ ወንድም አጎቴ ደምሴ ቁጡ ሰው ነው። ጋሽ ማንደፍሮ ዳግመኛ ሲመጡ ዱላውን ይዞ ከበሩ ላይ ቆመ።

«ስማ አንተ ሰው። የወንድሜ አፈር አልደረቀም። ከዚህ ቤት ምን ፈልገህ ነው የምትመላለሰው?»

ጋሽ ማንደፍሮ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በዚያ ብርድ ግንባራቸው ላይ ላቦት ነበር። «ቁልፍ ነው» አሉ። «ከለቅሶ ቤት ገብቶ የሟቹን ቁልፍ ስጡኝ ይባላል? አፌ አልታዘዝ አለኝ።»

ከዚያ ሁሉን ዘረገፉት። በገዛ እጃቸው መኪና እየሠሩ ኖሯል፤ ሻንሲው ከወደቀ አሮጌ መኪና፣ ጎንና ጎኑ ከተዘረጋ የዘይት በርሜል። በመጀመሪያ የገጠሙለት የድሮ ካርቡሬተር ሞተር የመንዝን ዳገት አልቻለም፤ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ እያሳለው ይቀራል። አዲሱ ሞተር አየሩን ለክቶ ነዳጁን በልኩ የሚረጭ ኮምፒውተር አለው ሲባል ሰሙና ከቁራሌ ነጋዴ የተገለበጠ ሚኒባስ ሞተር ከነሽቦውና ከነቁልፍ ማስገቢያው ገዙ። የአባቴን ሞተር ማለት ነው። ተገጠመ። ግን ሽቦ አነካክተው ሲሞክሩት ይነሳና እፍ እንዳሉት ጧፍ ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩ የገዛ ቁልፉን ካላወቀ ነዳጅ አይረጭም። አዲስ አበባ ሌላ ኮምፒውተር ከነቁልፉ ይገኛል፤ የእሳቸው አቅም ግን አይደርስበትም። ለሞተሩ ብለው የብየዳ ማሽናቸውን ሸጠዋል።

«እንጀራዬን ሸጬ ነው የገዛሁት» አሉ። «ያለ ቁልፉ ብረት ብቻ ነው።»

አጎቴ ዱላውን ከግድግዳው አስደገፈ። ሳቁ መጣበት መሰለኝ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «በይ ስጫቸው።» ቁልፉን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። «ማተቤ ነው» አልኩ። አጎቴም ለነገር ጊዜ የለውም፣ ከኪሱ ሴንጢ አወጣ። እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሳች። እሷ ሳትደርስ ግን ጋሽ ማንደፍሮ መሀላችን ገብተው ነበር።

«ተው ወንድሜ። በልጅ ማተብ ላይ ስለት ካረፈ ያቺ መኪና ብትነሳም አልሄድባትም» አሉ። ቁጢጥ ብለው ዓይኔን አዩኝ። «እንግዲያው ቁልፉ አንቺው ነሽ። ነይና አንቺው አስነሻት።»

ጠላኋቸው። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለሚለማመጥ ሰው እምቢ ማለት እንዴት ይከብዳል።

በገበያ ቀን ሞላሌ ወረድን። መኪናዋ ግቢያቸው ውስጥ፣ ከውርጭ እንድትጠበቅ የበግ ፀጉር ባና ለብሳ ቆማለች። ከቤት ስለማትወጣ የሰፈሩ ሰው «ሙሽሪት» ብሏታል። ኮምፒውተሩን መንገዱ እንዳያንገጫግጨው በአጎዛ ጠቅልለው ከወንበሩ ሥር አስረውታል። ሽቦው ሁሉ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ክር ታስሯል፤ ከተገለበጠው መኪና ሲፈቱት የቱ ከየት እንደመጣ እንዳይጠፋባቸው በሟች ሚስታቸው የጥልፍ ክር ምልክት ያደረጉበት ነው። ገበያተኛው አጥሩ ላይ ተደርድሮ «ዛሬ ትወጣለች ወይስ ጫጉላው ይራዘም?» ይላል። ጋሽ ማንደፍሮ ባናውን ገፈፉላት።

የማተቤ ክር አጭር ስለሆነ ወንበሩ ላይ ተንበርክኬ፣ ጉንጬን መሪው ላይ አስደግፌ ነው ቁልፉን ያስገባሁት። አዞርኩት። «እዝዝዝ» አለ። አማተብኩ።

«ምነው ቆምሽ?» አሉኝ በጭንቀት።

«ስም ሳይጠሩ ማስነሳት የለም። አባቴ ነው ያለኝ» አልኳቸው።

ከዚያ ጨርሼ አዞርኩት። ተነሳ። ሁላችንም እስኪጠፋ ጠበቅን፤ ጋሽ ማንደፍሮ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። አልጠፋም። ሲሞቅ የሚያሰማው ያ ስልት፣ ማታ ማታ ከሩቅ ሰምቼ ወደ በሩ የምሮጥበት የአባቴ መኪና ድምፅ፣ ከበርሜል ቆርቆሮ ውስጥ ወጣ። እናቴ ግቢው መሀል መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ችግሩ ግን አላለቀም፤ በየጉዞው እኔን እንደ ቁልፍ ይዘው ሊዞሩ አይችሉም። ጋሽ ማንደፍሮ ሞተሩን አጥፍተው አስረዱኝ። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ብረቱን አይደለም፤ በፕላስቲኩ ራስ ውስጥ ያለች የገብስ ፍሬ የምታህል ነገር አለች፣ እሷን ነው። «እሷን ብቻ ስጪኝ። ቁልፉ አንገትሽ ላይ ይቀራል። ከተሰበረች ግን ለእኔም ለአንቺም የለችም። እምቢ ካልሽ አልቀየምሽም።»

እሺ አልኩ። ያ ድምፅ ሁለተኛ እንዲሞትብኝ አልፈለግኩም።

እናቴ ራሴን ከኋላ ያዘችኝ። የጋሽ ማንደፍሮ ምላጭ ፕላስቲኩን ሊከፍት ከአገጬ ሥር መጣ። የእናቴ ጣቶች ጆሮዬን ጨመቁት። ጋሽ ማንደፍሮ አንዴ ቆመው እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉና እንደገና ጀመሩ። ፕላስቲኩ ቀጭ አለ። ጥቁሯ ፍሬ መዳፋቸው ላይ ወደቀች፣ ደህና ነበረች። የመኪናዋ ቁልፍ ማስገቢያ ሥር በፕላስተር ለጠፏት፤ ለማዞሪያው ደግሞ የእኔን አይተው ሌላ ብረት በሞረድ ቀረጹ።

«አደራ ነው» አሉኝ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። የጠየቅሽኝ ቀን እመልሳለሁ።»

ጠይቄያቸው አላውቅም። ሙሽሪት ሰውና በግ ጭና ከሞላሌ ዘመሮ ስትመላለስ ዓመታት አለፉ። በራችን ላይ በደረሱ ቁጥር ያለ ምክንያት ሞተሩን ያጠፉና መልሰው ያስነሱታል። ለእኔ ነበር። ከቤት ባልወጣም እሰማቸዋለሁ።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ጋሽ ማንደፍሮ አረፉ። ለቅሶው ካለፈ ወዲያ ልጃቸው ታደለ ሙሽሪትን እየነዳ መጥቶ ሱቄ በር ላይ አቆማት። አጠፋት። ከመሪው ሥር እጁን ሰዶ ፕላስተሩን ላጠና ያቺን ፍሬ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

«አባቴ አደራሽን መልስ ብሎኛል» አለ።

ሙሽሪት ደጃፌ ላይ ብረት ሆና ቆማለች። እንጀራው እሷ እንደሆነች አውቃለሁ። እሱ ግን እንደ አባቱ ግድግዳዬን ያያል፣ ምስማሬን ያያል፣ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ፍሬዋን በባዶው የቁልፍ ራስ ውስጥ ከተትኳት፤ ልክ ገባች። ቁልፌ ሙሉ ሆነ። እንዲህ እንዳለ ቢቀርልኝ ብዬ እንዴት እንደተመኘሁ! ታደለ ጋቢውን አጣፍቶ በእግሩ ወደ ሞላሌ መንገድ ጀመረ። ይህ ዘር መቼም መለመን አያውቅም።

«ወዴት ነው?» አልኩት። «ና መልሰህ ለጥፋት።»

ፍሬዋን አውጥቼ ሰጠሁት። ለጠፋት፣ ተቀመጠ፣ ቁልፉን አዞረ። «እዝዝዝ» አለ። የታደለ እጅ ከግንባሩ ወደ ደረቱ ወረደ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ከፓምፑ ጋር እኩል አበቃ። ከዚያ አስነሳ።

«ማን ነው ያስተማረህ?» አልኩት በመስኮቱ።

«አባቴ ነዋ። ስም ሳይጠሩ ማስነሳት የለም ይል ነበር።»

የማን ቃል እንደሆነ አልነገርኩትም። መንገዱን እስኪታጠፍ ቆሜ ሰማሁትና ወደ ሱቄ ገባሁ።